ካውከስ በይሉኝታ

አሁን ካውከስን የሚያደንቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ሳቄ ይመጣል። ያየሁትን አይቻለሁዋ!

ቅዳሜ ነበር፤ ሰፈራችን ሌክ ሃይላንድስ፣ አዲስ ዜጎች ስለ ምርጫ የሚማሩበት አዳራሽ። እናቴ ሌዊስቪል ያለውን የመጋዘን ሥራዋን ሺፍት ቀይራ መጣች። በሕይወቷ አንድም ቀን ድምፅ ሰጥታ አታውቅም። ለልምምድ ሁለት የፈጠራ እጩዎች ነበሩ፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ። መኪና ውስጥ «እኔ ሴትዮዋን ነው የምመርጠው። ዛሬስ ማንንም አልሰማም» ብላኛለች።

አስተማሪው ከሀብታሞቹ ከተማ ከፍሪስኮ የሚመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰውዬ ነው። «እዚህ በወረቀት ነው የምንመርጠው። እኔ ግን ካውከስ ያለበት ስቴት ኖሬያለሁ፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተወያይቶ፣ በግልጽ ቆሞ የፕሬዚዳንት እጩ ይመርጣል። ከዚህ በላይ ዴሞክራሲ የለም!» አለ። ሶ፣ ወንበሮቹ ተነስተው በሩ ጋ ተደረደሩ። የሴትዮዋ ደጋፊዎች መስኮቱ ጋ፣ የሰውየው በሩ ጋ ቁሙ ተባለ።

ማን ይንቀሳቀስ? በዕድሜ ትልቁ አባባ ሳይሄዱ! በመጨረሻ ከዘራቸውን ይዘው ወደ በሩ አዘገሙ። ከዚያማ ሁሉም ተግተልትሎ ተከተላቸው። እናቴ ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ጎረቤታችን «አንቺ! ሽማግሌ ጥለሽ ወዴት ነው? ነይ እንጂ!» አለቻት። ተመለሰች። ሴትዮዋ ዜሮ።

አስተማሪው «አያችሁ? መግባባት ማለት ይሄ ነው» ብሎ አጨበጨበ። መግባባት! በግም ሲነዳ ይግባባል።

አስራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ድምፅ የለኝም፣ አፍ ግን አለኝ። «አባባ፣ ሰውየውን ለምን መረጡት?» አልኳቸው።

«የቱን ሰውዬ?» አሉ። «ጉልበቴን አሞኝ ወንበር ፍለጋ ነው የመጣሁት። እናንተ ምን ሆናችሁ ነው የተከተላችሁኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ብቻ ፊቱ ቀልቶ «ይሄ እንኳን ልዩ አጋጣሚ ነው» አለ። ልዩ አጋጣሚ! አለቃው እያየው የሚቆም ሠራተኛስ? በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያለ ሰውስ? ማለቴ፣ የሚቆጠረው የሰው ፍላጎት ነው ወይስ እግሩ?

«እስቲ በወረቀት እንድገመው» ብዬ ደብተሬን ቀድጄ አደልኩ። እናቴ ስትጽፍ አንገቴን ሳሰግግ በክንዷ ሸፈነችው። «ዘወር በይ፣ የኔ ነው» አለችኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ዘወር ብዬ አላውቅም።

ሲቆጠር ሴትዮዋ በሰፊው አሸነፈች። ሴትዮዋን ከመረጡት ወረቀቶች አንዱ የእናቴ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።