የጥጃ ቤቱ ቂም

ቂመኛ ነኝ። ባለቤቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለ ሲተርትብኝ ኖሯል። ይተርት። መካኒሳ አቦ ያለችውን ያቺን አንድ ክፍል ቤት ግን እንኳን እኔ እሱም አልረሳትም።

ስንከራያት ቤት አልነበረችም፤ የጥጃ ማደሪያ ነበረች። አከራያችንን እትዬ ነበር የምንላት። ያኔ «አንቱ» እላት ነበር፤ ካስወጣችን ቀን ጀምሮ ግን አንቱታዬን መልሼ ወስጃለሁ። ሰፈሩ ከተማ ሳይሆን በፊት ቤተሰቦቿ እዚያው ጤፍና ሽንብራ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። ከተማው እርሻቸውን ሲውጠው የተረፋቸው ግቢው፣ ትልቁ የጭቃ ቤትና ከኋላው ያለችው የጥጆች ማደሪያ ነበሩ። ጥጆቹ ተሸጡ፣ እኛ ገባን። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከመሬቱ የከብት ሽንት ሽታ ይነሳል። መስኮት የሚባል ነገር አልነበራትም።

አንድ ቀን እትዬ በራችን ላይ ቆማ፣ «ልጄ፣ እንደ ፈለጋችሁ አሳምሩት። እዚሁ ወልዳችሁ፣ እዚሁ ታረጃላችሁ። አቦን! አላስወጣችሁም» አለችን። አቦን ስትል እጇን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግታ ነው። የአቦ ሰፈር ሰው በአቦ ምሎ ይክዳል ብሎ ማን ያስባል? ውል እንጻፍ እንኳ አላልንም። ብንል እኛው ነን የምናፍረው።

ጀመርን። ሽንት የጠጣውን አፈር እስከ ጉልበታችን ቆፍረን አወጣን፤ ገረጋንቲ ሞላን፣ ድንጋይ ደለደልን፣ ከላዩ ሊሾ አደረግነው። ለግድግዳው ጭቃውን ግቢው መሀል ከጤፍ ጭድ ጋር ለወስነው። እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ እኔ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ እየረገጥን ስንሳሳቅ፣ ጎረቤቱ ወጥቶ «ሠርግ ነው ወይስ ቤት ሥራ?» እያለ ያሾፍብናል። ጭቃ ደግሞ ጭዱ እስኪበሰብስ ይተዋል። እኔ የት አውቄ! «ዛሬውኑ እንለስን» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ለሰንን። ሳምንት ሳይሞላው ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጠቀ።

እትዬ አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጭቃም እንደ ጠላ ነው ልጄ፣ ካልተብላላ አይሆንም። ሽታው አፍንጫሽን ሲመታሽ ያኔ ለስኚ» አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ፤ ሁለተኛው ልስን እንደ ድንጋይ ጸና። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰሞን እወዳት ነበር። ኋላ የባሰ የጠላኋትም ለዚሁ ነው።

መስኮቱን ባለቤቴ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ከፈረሰ ቪላ ገዝቶ በጋሪ አመጣው። የብረት ነው፤ አሮጌ ቢሆንም ደህና አድርጎ ይዘጋል። የምሥራቁን ግድግዳ ፈንቅለን ገጠምነው። የማዳበሪያ ኮርኒስ ወጥረን ነጭ ቀለም ቀባነው። በማግስቱ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ በዚያ መስኮት ገብታ ሊሾው ላይ ተኝታለች። ባለቤቴን ቀሰቀስኩትና ሁለታችንም አልጋው ላይ ቁጭ ብለን ወለላችንን ስናይ ቆየን። ሥራ ረፈደብን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ የነቃሁበት ግን የለም።

ኮርኒሱ ገና ሳይቆሽሽ፣ ሐምሌ ላይ እትዬ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ቀና ብላ ኮርኒሱን እያየች፣ «ልጄ ልታገባ ነው፤ ቤቱን ለእሷ ፈልጌው ነበር» አለች።

«አቦን ያሉትስ?» አልኳት።

«አዬ ልጄ፣ ጊዜው ተለወጠ እኮ» ብላ ወጣች።

ጊዜው! ያውም ኮርኒሴን እያየች!

ዕቃችን አይሱዙ ላይ ተጭኖ ዝናብ ሲወርድበት እኔ ዶማ አንስቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሊሾውን ልሰባብረው ነበር። ባለቤቴ ክንዴን ይዞ፣ «በእጅሽ የሠራሽውን በእጅሽ አታፍርሺ፤ ነውር ነው» ብሎ ዶማውን ቀማኝ። እሺ አልኩ። አፌን ግን ማን ይቀማኛል? ግቢው በር ላይ ቆሜ ጎረቤት እየሰማ፣ «ከዚህች ሴት ቤት ሁለተኛ ውሃ አልቀምስም! ስትሞትም እንባ አላፈስላትም!» ብዬ ምዬ ለቡ ገባሁ።

የለቡው ቤት ብሎኬት ነው፤ ደህና ቤት ነው፤ ግን ጠዋት ፀሐይ አይገባውም። እዚያ ቁጭ ብዬ ዓመት ከዓመት በቀሌን ሳብሰለስል ኖርኩ። ሲያሰኘኝ ሊሾዬ አንሸራቷት በቂጧ ዘፍ ስትል፣ ሲያሰኘኝ በሬ ላይ ቆማ ይቅርታ ስትለምነኝና እኔ በሩን ስዘጋባት ይታየኛል። ባለቤቴ «ምን ያስቅሻል?» ይለኛል። ምንም እለዋለሁ። የመካኒሳውን እድር ግን አልለቀቅንም። ሰው ቤት ይቀይራል እንጂ ቀባሪ አይቀይርም።

ባለፈው ክረምት ከእድሩ ተደወለ። እትዬ አርፋለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ብል ኃጢአት ነው፤ ግን ጠጣ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ። ለእንባ አይደለም፤ እንባ እንደሌለኝ ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ነው።

ከቀብር ስንመለስ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ሴቶቹን ግን ወደ ጓሮ ወሰዱን። «ትልቁ ቤት ያፈሳል፤ እዚህ ይሻላል» አሉ። እዚህ ያሉት የእኔን ቤት ነው። ገባሁ። መስኮቱ አለ። ሊሾው አንድ ስንጥቅ የለበትም። ግድግዳውን በጀርባዬ ተደግፌ ተቀመጥኩ፤ የመዳፌ ዱካ እንኳ ከመስኮቱ ሥር እንዳለ ነው።

ከሩቅ የመጣች ዘመድ ተነስታ ሙሾ ማውረድ ያዘች። የእትዬን ደግነት አወረደች፤ ታገስኩ። ቀጥላ ደግሞ እጇን ወደ ኮርኒሱ እየዘረጋች፣ የጥጃ ቤቱን በእጇ ለስና አዳራሽ ያደረገችው ባለሙያዋ፣ እያለች ማስለቀስ ጀመረች። ሴቱ ሁሉ ደረቱን ይመታል። ኧረ በስመአብ! አንዴ ቤቴን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ሞታ እጄን ልትወስድ ነው?

ለቅሶ ቤት የሚያለቅስ ሰው አፉ አይያዝም። ተነሳሁ።

«ወለሉን ለስኜ፣ ኮርኒሱን ወጥሬ፣
በሐምሌ ዝናብ ወጣሁ ዕቃዬን ቋጥሬ።
መስኮቱን በምሥራቅ ለፀሐይ ከፍቼ፣
እኔን ዝናብ መታኝ ለሰው ቤት ሠርቼ።
እትዬ ተነሺ፣ ልጠይቅሽ አንዴ፣
ይህን ግድግዳ የለሰንሽው አንቺ ነሽ እንዴ?»

የሟች ልጅ አንገቷን ደፋች። ያቺ ከሩቅ የመጣችው ዘመድ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የድሮ ጎረቤቶቼ እርስ በርስ ተያዩ፤ ያውቁታላ! ይህቺን ሰዓት ነበር እነዚያን ዓመታት ሁሉ የጠበቅኳት።

የእትዬ ታላቅ እህት እጄን ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ለመልሱ አፌን አሰናዳሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ «ልክ ነሽ። እሷም አንድ ቀን የእኔ ነው ብላው አታውቅም» አለችኝ። «‹የዚያች ልጅ ቤት› ነበር የምትለው። ሙሽሮቹ እንኳ ብዙ አልቆዩበትም። ስትታመም ትልቁ ቤት ሲያፈስባት፣ ‹ወደዚያች ልጅ ቤት ውሰዱኝ፤ የእሷ አያፈስም› አለች። እዚህ መስኮት ሥር ነው ያረፈችው። ‹የአቦን መሐላ በልቼባታለሁ› እያለች።»

ይህን ስሰማ የሚበርድልኝ መስሏችሁ ከሆነ አታውቁኝም። ንዴቴ ባሰ። ታዲያ ለምን አልጠራችኝም? ለቡ እኮ በታክሲ ይህችው ናት! በቁሟ ብትነግረኝ እሰድባት ነበር፤ እሷም ትመልስልኝ፣ አልቅሰን ይወጣልን ነበር። በቀሌን ይዛብኝ ሞተች። ያን ጊዜ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ለቤቴ ነው ያለቀስኩት። ለእሷም ሳይሆን አልቀረም፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

ንፍሮው መጣ። አንዲት ልጅ በትልቅ ሳህን ይዛ ለየመዳፉ እያዞረች እኔ ዘንድ ስትደርስ፣ ያኔ በሩ ላይ ስምል የሰማችኝ የድሮ ጎረቤቴ፣ «ለእሷ አትስጫት፤ ከእትዬ ቤት ላትቀምስ ምላለች» አለቻት። ሴቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

ሁለት እጄን አጣምሬ ዘረጋሁላት።

«ከእትዬ ቤት አልቀምስም ነው ያልኩት» አልኩ። «ይሄ የእኔ ቤት ነው። ሙዪልኝ።»