በበረባሶ ዳገት የወጣችው መኪና

ሞጣ መናኸሪያ በር ላይ አንዱ ነጋዴ በሪሞት የምትሄድ መኪና እያስሮጠ ይሸጣል። የአዲሱ ጎማዋ ሽታ ልጅ አድርጎ ወዳደግኩበት ቢቸና መለሰኝ።

ያኔ የነበረችኝ የሪሞት መኪና ርካሽ ነበረች፤ ጎማዋ ፕላስቲክ ስለሆነ ጭቃ ላይ ዝም ብሎ ይሽከረከር ነበር። አባባ ቄስ ናቸው፣ ጨዋታ አይወዱም።

"ይቺ ናት መኪና? ዶሮ ትበልጣታለች!" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ደግሞ ያረጀ በረባሷቸውን አንስተው የላስቲክ ማሰሪያውን ቆራረጡና ጎማዋ ላይ በማስቲሽ ለጠፉልኝ። ጭቃውን እየቧጠጠች ዳገቱን ወጣች!

"አምጣ እስቲ!" ብለው ሪሞቱን ነጠቁኝ። ትንሽ ራቅ ስትል ቀጥ አለች።

"ተበላሸች፣ አባባ!"

"ምን ትበላሻለች፣ ራቅናት እንጂ። ካልቀረብካት አትሰማህም" አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው እየሳቁ ተከተሏት።

ትምህርቱን ጥዬ ሞጣ ከመጣሁ ወዲህ ከአባባ ጋር አንነጋገርም። "ልጄ አይደለህም" ያሉኝ አሁንም ያንገበግበኛል።

መኪናዋን ገዛሁ።

"ለልጅህ ነው?" አለኝ ነጋዴው።

"ምን አገባህ?"

የቢቸናው አውቶቡስ ሊወጣ ነው። ረዳቱ ጆሮዬ ስር "ቢቸና! አንድ ሰው! ቢቸና!" ይላል።

"አትጩህብኝ፣ ሰምቻለሁ!" አልኩት፤ እግሬ ግን ሪሞት እንደራቃት መኪና ቀጥ አለ።