ሦስት ሽማግሌ ወደ ሳጅኑ ቢሮ

ልጄ ወረቀት የምታስፈርመኝ ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ነው። ከሥራ ስመለስ ከትምህርት ቤቷ በር ላይ አነሳታለሁ፤ ቀበቶዋን ሳታስር ወረቀቱን መሪው ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔም ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ ሳያደርግብኝ ጫር አድርጌ እመልስላታለሁ። የሙዚየም ጉብኝት ይሁን የጥርስ ምርመራ፣ አላነበውም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የኩላሊት በሽተኞችን ወደ እጥበት ሲያመላልስ የዋለ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚያነበው የመንገድ ምልክት ብቻ ነው። እሱንም ግማሹን በልምድ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል እንደገባችም እንዲሁ አንድ ወረቀት ፈረምኩ። ከወር በኋላ የወታደር ልብስ ለብሳ፣ ጫማዋ እያብረቀረቀ ከትምህርት ቤት ወጣች። ያለ ቦታዬ ፍሬን ያዝኩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ካዴት ክላስ ነዋ። አንተ አይደለህ ሳይን ያደረግከው?»

እዚህ አገር ሃይስኩሎች ውስጥ እንዲህ ያለ ትምህርት አለ። ጡረታ የወጡ ወታደሮች ያስተምራሉ። ልጆቹ መሪነት ይማራሉ፣ ዜግነት ይማራሉ፣ ሰልፍ ይሰለፋሉ፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ይለማመዳሉ። ማንም ወታደር አይሆንም። ይህን ልጄ ሦስት ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በተሰባበረ አማርኛዋ አስረዳችኝ። እሺ አልኳት። ግን አላመንኩም። እኔ የማውቀው ወታደር ቤት የሚገቡበት እንጂ የሚወጡበት በር የለውም።

ታላቅ ወንድሜ ላምባ ሊገዛ እንደወጣ ነው ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሰው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ ስድስት። እናቴ በማግስቱ ሦስት ሽማግሌ ለምና ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ላከች። ሽማግሌዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ቆመው ዋሉ። ሊቀመንበሩ በመጨረሻ ወጥቶ «አገር እየተወጋች እናንተ ልጅ ትለምናላችሁ?» ብሎ አባረራቸው። ከወንድሜ ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ጥፋቱን የምታደርገው በሽማግሌዎቹ ላይ ነበር። «የተሻሉ ሰዎች ልልክ ይገባኝ ነበር» ትል ነበር።

ለልጄ ግን ያ ልብስ ተስማማት። መቼስ እውነቱን ልናገር። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲስማት ከእናቷ ቀሚስ ኋላ የምትደበቅ ልጅ ነበረች። አሁን ሸሚዟን ራሷ ትተኩሳለች፤ ጫማዋን ጋዜጣ ዘርግታ ትወለውላለች፤ ጠዋት እኛን የምትቀሰቅሰን እሷ ሆነች። ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር የሽማግሌ ጎረቤቶችን በረዶ ትጠርጋለች። አንድ ቀን እናቷ እቃ ለመግዛት ስትንዘላዘል ሰዓቷን እያየች «ፋይቭ ሚኒትስ!» ብላ ስትጮህባት ባለቤቴ በሳቅ ሞተች። እኔ እስቃለሁ፣ ሆዴ ግን አይስቅም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ለሚቀጥለው ዓመት የካዴቶቹ ሁሉ አዛዥ እንድትሆን መመረጧን ነገረችኝ። «ኢት ኢዝ ኤ ቢግ ዲል፣ አባ» አለችኝ። እኔ የመኪና ማቆሚያ እየፈለግኩ ነበር። «ጎበዝ» አልኳት። ያኔ መኪናውን አቁሜ ፊቷን ማየት ነበረብኝ።

ሚያዝያ ላይ ሌላ ወረቀት መሪው ላይ አስቀመጠች። ውጭው በረዶና ዝናብ ተደባልቆ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ባቡሩ እስኪያልፍ ስንጠብቅ፣ እንዲያው ሥራ ስለፈታሁ አነበብኩት። የበጋ ካምፕ ነው። አንድ ሳምንት፣ ወታደር ሰፈር ውስጥ። ታች በደቃቅ ፊደል በልምምድ ላይ ጉዳት ወይም ሞት ቢደርስ ወላጅ ላይጠይቅ ይስማማል ይላል። ሞት የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«አትፈርምም?»

«ቤት እፈርማለሁ።»

ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። እንዲህ ያለ ወረቀት በየቀኑ ታያለች። «ለዋናም ብትልካት ይሄንኑ ያስፈርሙሃል» አለችኝ። እንቢ ስል ደግሞ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት ምን ይል ነበር? በገዛ እጄ ለወታደር ቤት ሰጥቻት ቢሆንስ?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የማከብራቸውን አዛውንት ወደ ዳር ወሰድኳቸው። ዉድበሪ የምትባል ዳር ከተማ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ድሮ አስተማሪ ነበሩ፤ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት አስታርቀዋል። ጉዳዩን ነገርኳቸው።

«ፈርመሃል?» አሉኝ።

«ፈርሜያለሁ።»

«እንግዲያ በሽምግልና ነው የሚያልቀው።»

ሁለት ሰው ጨመሩ። አንዱ ብሉሚንግተን የሚኖሩ፣ ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ የሚሠሩ፤ አንዱ የእኛው የሴንት ፖል ጎረቤት። አራታችንም እዚህ አገር የከረምን፣ ግብር የምንከፍል፣ የምንመርጥ ሰዎች ነን። ከአራታችን አንዱ እንኳ ስልክ አንስቶ «ልጅቷ ትምህርቱን ማቆም ትችላለች ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ አላሰበም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በጭንቅላታችን ውስጥ አልነበረም። ከወታደር ቤት ሰው የሚወጣው አለቃው ሲምር ነው፤ አለቃ ደግሞ የሚምረው ሲለመን ነው።

ሮብ ጠዋት ፈቃድ ወስጄ ሰበሰብኳቸው። በክረምት ኮታቸው ላይ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠባቂው ፎቶ አንስቶ በየደረታቸው የሚለጠፍ የእንግዳ ወረቀት ሰጠ። የዉድበሪው ሽማግሌ ነጠላቸው ላይ ለጥፈውት፣ እንዳይወድቅ በየደቂቃው ይዳብሱታል። ተማሪዎቹ በኮሪደሩ መንገድ ይለቁልን ነበር።

የካዴቶቹ አስተማሪ ሳጅኑ ፀጉሩ የሸበተ ግዙፍ ሰው ነው። ሲያየን ከወንበሩ ተነሳ፤ ተቀመጡ አለ። አልተቀመጥንም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። እሱም አዛውንት ቆመው ሳለ መቀመጥ ስላልሆነለት ሁላችንም እንደቆምን ቀረን። ነጩን ልብስ እያየ ፊቱ በራ። ልጄ የምትሾምበት ቀን ስለቀረበ ለዚያ የመጣን መስሎታል። «ቤተሰብ ይመጣል፤ እንዲህ ለብሶ የመጣ ግን አይቼ አላውቅም» አለ። እንግሊዝኛው ገባኝ፤ ላርመው ግን አልቻልኩም። ሽማግሌ የላከ ሰው አይናገርም። እንዲያውም እዚያ አይገኝም፤ እኔ የተገኘሁት ሾፌሩ እኔ ስለሆንኩ ነው። በሩን ተደግፌ አንገቴን ደፋሁ።

ሳጅኑ የሚተረጉምለት ሰው አስጠራ። ያስጠራው ልጄን ነበር። ይህን አላሰብኩትም።

ልብሷን ለብሳ ገባች። ሽማግሌዎቹን ስታይ፣ በር ሥር እኔን ስታይ፣ ፊቷ ገረጣ። ግን ለሦስቱም በየተራ ዝቅ ብላ ሰላምታ ሰጠችና ከጠረጴዛው ጎን ቆመች።

የዉድበሪው ሽማግሌ ጀመሩ። «ጌታዬ፣ እኛ ለራሳችን አልመጣንም። ይቺ ልጅ ነፍስ ሳታውቅ፣ አባቷም ሳያነብ ፈርሞ ከሠራዊትዎ ገብታለች። ጥፋቱ የአባቷ ነው። ማሩልን። ልጃችንን አሰናብቱልን ብለን በእግዚአብሔር ስም ለመለመን ነው የመጣነው።» ሦስቱም አጎነበሱ።

ልጄ ተረጎመች። አንድ ቃል አላስቀረችም፤ ጥፋቱ የአባቷ ነው የሚለውንም ጭምር። ስለ ሌላ ሰው የምትናገር ነበር የምትመስለው።

የሳጅኑ ፈገግታ ጠፋ። ቀስ እያለ መለሰ። እሷም «ማንም አልያዛትም ይላል» አለች። «እንደ ማትስ ያለ ክላስ ነው። ዛሬም መውጣት ትችላለች። እኔ የምለቃት ሰው አይደለሁም፣ እሷን ጠይቋት ይላል።»

እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። እፎይ አልኩ፤ እፍረቱም አብሮ መጣ። ሽማግሌ ግን መልስ ሳይዝ አይመለስም። የዉድበሪው ሰው ከሳጅኑ ፊታቸውን አዞሩና ወደ ልጄ ዞሩ።

«እንግዲያ የኔ ልጅ፣ የምንለምነው አንቺን ነው። የአባትሽን ልብ አሳርፊልን። እሺ በይን።»

ሦስት ፀጉራቸው የነጣ ሰዎች ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አጎነበሱ። ይበቃል ማለት እችል ነበር። ልማዱ አይፈቅድልኝም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሐቁ ግን እሺ እንድትል ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት። እንድትል ጸለይኩም።

እኔን አላየችኝም። ሽማግሌውን ነው ያየችው።

«እሺ አባባ» አለች።

«ተባረኪ! እደጊ! ወግ ማዕረግ ያሳይሽ!» አሉና ሦስቱም በአንድ ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጉዳያቸው አልቋል። ሳጅኑ ምን እንደሆነ ስላልገባው ብቻውን ቆሞ ቀረ። ምን አልሻቸው አላት። ነገረችው። መነጽሩን አወለቀ። እርግጠኛ ነሽ ወይ፣ ማንም ሊያዝሽ አይችልም አላት።

«አላዘዙኝም ሳጅን» አለችው በእንግሊዝኛ። «ለመኑኝ።»

በመኪና ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «ጨዋ ሰው ነው» አሉ ስለ ሳጅኑ። «ልጅቷ ደግሞ! እዚህ ተወልዳ እንዲህ ሰው የምታከብር!» እኔም ብሉሚንግተን እስክደርስ ኮርቼ ነበር። እናቴ ሽማግሌ ሙሉ ቀን አስቆማ ያላገኘችውን እኔ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አገኘሁ። የመጨረሻውን ሰው አውርጄ ብቻዬን ስቀር ግን ኩራቱ ከየት እንደመጣ አጣሁት። የእናቴ ሽማግሌዎች የለመኑት ጠመንጃ የያዘ ሰው ነበር። የእኔዎቹ የለመኑት ልጄን ነው።

ልጄ ልብሱን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በማንጠልጠያው እንዳለ መለሰች። አላለቀሰችም፤ በር በኃይል አልዘጋችም። ባለቤቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ በአራተኛው ቀን «ደስ አለህ?» ብቻ አለችኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ድካሙ አልለቀቀኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ብሉሚንግተን ትልቁ የገበያ ማዕከል ውስጥ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። እንዴት ዋልሽ ስላት ደህና ትለኛለች።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አዲሱ አዛዥ የሚሾምበት ቀን ሲደርስ «ውሰደኝ» አለችኝ። ጓደኛዋ ናት የተመረጠችው። የትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ፣ ጂሙ ውስጥ ከላይኛው ደረጃ ላይ ጂንስ ለብሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ካዴቶቹ ተሰልፈው ገቡ። ሳጅኑ ከሩቅ አይቶን አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ጓደኛዋ ቀጭን ልጅ ናት፤ መሃል ሜዳ ላይ ወጥታ ትእዛዝ መስጠት ጀመረች። ሁለተኛው ላይ ቃሉ ጠፋባት። ሰልፉ በሙሉ ቆሞ ይጠብቃል። አጠገቤ የልጄ ተረከዝ ሲጋጠም ሰማሁ። አየኋት፤ ጀርባዋ ቀጥ ብሏል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትእዛዙን ከሥር ከሥር ትል ነበር፤ አንዱን ጨርሳ ሌላውን፣ እስከ መጨረሻው። ማንም አልሰማትም፤ እኔ ብቻ ሰማሁ። ጓደኛዋም ኋላ ላይ ቃሉ መጣላትና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

አልቻልኩም። «ተሳስቻለሁ» አልኳት። ልጄን እንዲህ ብያት አላውቅም ነበር። «ሽማግሌዎቹን እንደገና እልካቸዋለሁ። ሄደው ይለምኑልሽ።»

ዓይኗን ከሜዳው ላይ አላነሳችም።

«ወደ ማን?» አለችኝ።

ጂሙ ማጨብጨብ ጀመረ፤ እሷም ተነስታ ለጓደኛዋ አጨበጨበች።