የማላውቃት ፍየሌ

ከእናንተ ምን እደብቃለሁ... ባለፈው ሳምንት የገዛ ፍየሌን ካድኳት። ያውም በሰው ፊት፣ ያውም በፊርማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰፈር፣ እዚህ አሶሳ፣ የባዘኑ እንስሳት ማቆያ አለ። ጠባቂው እድሪስ ይባላል። ሰውየው ሥራውን ሲወድ ለጉድ ነው። ጠፍቶ የመጣ በግ ካለ ቤት ለቤት እየዞረ ባለቤቱን ፈልጎ ያስረክባል። በዚህ ትጋቱ ማቆያውን ባዶ ሊያስቀረው ደረሰና... ራሱን ጣጣ ውስጥ ከተተ።

ለካስ የማቆያውን በጀት በሕግ የሚያጸና ረቂቅ ደንብ ለምክር ቤት ሊቀርብ ኖሯል። መጀመሪያ ግን ኮሚቴ መጥቶ ያያል። አሥር እንስሳ ካላገኘ «አያስፈልግም» ብሎ ይዘጋዋል። እድሪስ ደግሞ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ አህያ። ዕድሜ ልኩን ሲጭኑት ኖረው ሲደክም መንገድ ላይ የጣሉት። እድሪስ «ጡረተኛው» ይለዋል።

«እህቴ» አለኝ በራችን ላይ ቆሞ፣ «ማቆያው ከተዘጋ ይሄን ሽማግሌ ማን ያስገባዋል? ወላሂ እዚያው ዕለት ጅብ ይበላዋል። ፍየልሽን ለአንድ ቀን ብቻ አውሺኝ።»

እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረብኝም። ፍየሌን፣ ሙሽሪትን፣ ባጃጅ ላይ አሳፈርኳት። ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አደረጋትና «እትዬ፣ ጠጋ በይላት፣ ሌላም ሰው እንጭናለን» አለኝ።

ስደርስ የሰፈሩ ሰው ያለውን እየጎተተ መጥቷል። አሥር ሞላ! ከዚያ እድሪስ ቃለ ጉባኤ አወጣ፦ «እኛ የአካባቢው ነዋሪዎች እነዚህ እንስሳት ባለቤት እንደሌላቸው እናረጋግጣለን።» ያለ ፊርማ የሚሆን ነገር የለማ... ሁላችንም ፈረምን።

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢዋ ኮስተር ያሉ ሴት ናቸው። ገና «እነዚህ ምስኪኖች...» ብለው ሲጀምሩ ሙሽሪት ከመሃል ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ እኔ! የማንጎ ልጣጭ የምይዝላትን ቦርሳ ታውቀዋለቻ። ጭንቅላቷን ከተተች።

«ታውቅሻለች እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ እኔ? ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«ታዲያ አንገቷ ላይ ያለውን ጨሌ ማን አሰረላት?»

«የጣላት ሰው ይሆናላ... ጨካኝ!» ብዬ ራሴን ሰደብኩ።

ሴትየዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እንዲህ ሰው የምትወድ ፍጡር ይጣላል? በሉ፣ ዛሬውኑ ይመዝገቡ!» አሉ። አሥሩም ጆሮ ላይ ቢጫ ቁጥር ተሰካ። የተመዘገበ እንስሳ ለማስመለስ ደግሞ «የእሷ ነው» ብለው የሚመሰክሩ ሦስት ጎረቤቶች ያስፈልጋሉ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም በጋቸውን አውሰዋል።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይመስክሩልኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ባለቤት የላትም ብዬ ፈርሜ የለም እንዴ? እስር ቤት ስንቅ ልታመላልሺልኝ ነው? ይልቅ አንቺ ለበጌ መስክሪልኝ!»

እኔስ ፈርሜ የለ?

እድሪስ ጋ ሮጥኩ። «ምስክር ብታገኚም አሁን አትውሰጂ» አለኝ። «ደንቡ እስኪጸድቅ አሥሩ መኖር አለበት። ከጎደለ...» ብሎ ወደ ጡረተኛው አየ። ጡረተኛው ድርቆሹን ያኝካል። ሙሽሪት ጎኑ ጥግ ብላ ተኝታለች... ቤቷ ያለች ነው የምትመስለው። ሳልወስዳት ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አሁን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ እንሰለፋለን። ጋሽ ታደሰ ጨው ይዘው፣ እኔ ልጣጭ ይዤ... ሁላችንም ወደ ሌላ እያየን ለየእንስሳችን እንወረውራለን። ማንም ማንንም አያውቅም።

ደንቡ የጸደቀ ዕለት ሙሽሪትን በማን ምስክርነት እንዳስወጣኋት መጥቼ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው... ማንጎ የምትበሉ ሰዎች፣ ልጣጩን እንዳትጥሉብኝ።