በአባት ስም የተደረደረ ወረፋ

በሰው አገር፣ ኪሊማኒ በሚባል ሰፈር ባለ ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ዋምቡዪ «ሚስተር ወርቁ፣ ካሪቡ!» ብላ በቋንቋቸው እንኳን ደህና መጣህ ስትለኝ አባቴ ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ወርቁ አባቴ ነው፤ እኔ ዳንኤል ነኝ። ላስረዳት አሰብኩና ፈራሁ። በመጀመሪያ ቀን አለቃ የሚያርም ማን ደፋር አለ? ቀስ በቀስ ለመድኩት።

ሥራችን ለድርጅቶች ድረ ገጽ መሥራት ነበር። የእኔ ድርሻ ከዳታቤዝ መረጃ እየጠራ ገጹ ላይ የሚያወጣውን ኮድ መጻፍ ነው። ረጅሙን ትእዛዝ ፍሬምወርክ የሚባለው ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ ይጽፍልሃል፤ አንተ በየትኛው ዓምድ እንደሚደረደር ብቻ ትነግረዋለህ።

ጊጊሪ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ድርጅት ወደ ሌላ አገር ለሚሻገሩ ስደተኞች የሕክምና ምርመራ ቀጠሮ የሚያወጣ ገጽ አዘዘን። ዝርዝሩ መጀመሪያ በሰርኔም፣ ማለትም በቤተሰብ መጠሪያ ስም፣ ቀጥሎ በራስ ስም ይደርደር አሉ። አንድ ገጽ ላይ የወጡ ሰዎች በአንድ ቀን ይጠራሉ። የታዘዝኩትን ጻፍኩ። ዋምቡዪም አይታ «ሳፊ!» ብላ አደነቀችኝ፤ ደስ አለኝ።

ቀጠሮው በስልክ ሜሴጅ በተላከ ማግስት፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈሬ ጎረቤቴ የሆነችው አለምነሽ ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ባሌን ሰኞ፣ ልጆቹን ሐሙስ፣ እኔን በሌላ ሳምንት ጠሩን። ሕፃን ያለ ወላጅ አይገባም ብለዋል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከቀረ ደግሞ ፋይላችን ወደ ኋላ ይመለሳል። ይኼን ሁሉ ዓመት ጠብቀን! ማነው እንዲህ የበተነን፣ ወንድሜ?»

እኔ መሆኔን ሳልነግራት ስማቸውን በልቤ ደረደርኩ። ባሏ ተስፋዬ አበራ ነው፤ ልጆቹ ሄኖክ ተስፋዬና ሶስና ተስፋዬ፤ እሷ አለምነሽ ወልዴ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲደረደር አበራ ከላይ፣ ተስፋዬ ወደ ታች፣ ወልዴ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ዝርዝሩ ውስጥ ያለ የሀበሻ ቤተሰብ ሁሉ እንዲሁ ተበትኗል ማለት ነው። እኔ ሀበሻው ይህን እንዴት አላየሁም?

በማግስቱ ጠዋት ዋምቡዪ ጋ ገባሁ።

«እኛ ሰርኔም የለንም፤ የምንጽፈው የአባታችንን ስም ነው። ሚስት የባሏን አትወስድም፤ የአባትና የልጅ ሁለተኛ ስምም አይገጥምም» አልኳት።

«ሚስተር ወርቁ፣ ዓለም ሁሉ በሰርኔም ይደረድራል። ደንበኛው ፈርሞበታል።»

«ወርቁ እኮ አባቴ ነው።»

«ፖሌ ሳና» ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝና ለደንበኛው ደወለች። ደንበኛው እርማቱ ከሰዓት በፊት ከደረሰው አዲስ ሜሴጅ እንደሚልክ፣ ካልደረሰው ግን የሰኞው ቀጠሮ እንደሚጸና ነገራት።

የቤተሰብ ፋይል ቁጥር የሚባል ዓምድ ነበረን። በእሱ ደርድር የሚል መስመር ጨመርኩና የድሮውን የስም መስመር ከሥሩ ተውኩት። ገጹን ሳድሰው ምንም ንቅንቅ የለም። እንደገና አደስኩ፤ ያው ነው። አለምነሽ ዓይኔ ላይ ትመጣብኛለች።

ለካ ፍሬምወርኩ ሁለተኛ የመደርደር ትእዛዝ ሲሰጠው የፊተኛውን ይሰርዘዋል እንጂ አይጨምርበትም። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ አስገባሁ፦ ፋይል ቁጥር፣ ከዚያ የአባት ስም፣ ከዚያ የራስ ስም። ገጽ ሲሞላ መሃል ላይ የሚቆረጥ ቤተሰብም ተጠቃሎ ወደሚቀጥለው ቀን እንዲሻገር አደረግሁ።

ገጹ ተከፈተ። እነአለምነሽ አራቱም ተከታትለው ቆመዋል። እንባዬ መጣ።

«ዳንኤል፣ ልከነዋል» አለች ዋምቡዪ።

ማታ አለምነሽ ስልኳን እያውለበለበች በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ሁላችንም ረቡዕ! ያ የበተነን ሰው ልብ ገዛ መሰለኝ።»

«ገዛ» አልኳት።

ለአዲስ ሠራተኞች ዛሬም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ በየትኛው ዓምድ ልደርድር ከማለታችሁ በፊት እነማን መለያየት እንደሌለባቸው ጠይቁ። እነሱን የሚያገናኘው ዓምድ ይቅደም።