የአማቴ ጉልበትና የትርንጎው ልጣጭ

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ዘመን፣ ቡሬ አጠገብ ባለው መንደራችን ነው። ሰሞኑን ከልጅ ልጄ ጋር ሬዲዮ ስንሰማ፣ በሎሚና በትርንጎ ልጣጭ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ሰው ሳይደክም እንዲያረጅ ይረዱ እንደሆነ ሊቃውንት እየመረመሩ ነው ተባለ። ልጅቱ ደስ አላት። እኔ ግን አማቴ አያ ተገኘ ትዝ ብለውኝ አለቀስኩ።

አያ ተገኘ ያን ጊዜ ሽማግሌ ነበሩ። ጓሯችን ውስጥ ትርንጎ ነበረን። እኛ ነጩን በልተን የላይኛውን ቢጫ ልጣጭ ስንጥል፣ እሳቸው ለቅመው ጥላ ውስጥ ያደርቁታል። ከዚያ አስወቅጠው፣ በማር ለውሰው ጧት ጧት ይልሱታል። ማሩም ቢሆን ምሬቱን አያጠፋውም፤ ፊታቸው ጭምድድ ይላል። ለምን እንደሚቸገሩ ስጠይቃቸው፣ ጉልበታቸውን እንደሚያፍታታላቸው፣ ስመኘው ከዱር ሲመለስም አልጋ ላይ ሆነው ሊቀበሉት እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። ስመኘው አንድ ልጃቸው፣ የእኔም ባል ነው። አርበኞቹን ተቀላቅሎ ከሄደ ክረምት አልፎ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጎረቤታችን ከቡሬ ተመልሶ፣ ጣሊያኖች ስመኘውን ገበያው ዳር እንደሰቀሉት አረዳን። አማቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ “ተነሽ ልጄ፣ እናምጣው” አሉኝ።

የጣሊያኖቹን አስተርጓሚ ደጅ ጠንተን፣ ቀኑ ሲገፋ ሬሳውን ፈቀዱልን። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል፤ ግን ፈርቶ ማንም አይጠጋንም። አልፈረድኩበትም። ቃሬዛ አበጅተን አማቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተሸከምነው።

ዳገቱ ላይ ክንዴ ዝሎ ቃሬዛው ሊያመልጠኝ ሆነ። አማቴ ዘወር ሳይሉ፣ “ቀስ ብለሽ አውርጂው፣ እንዳይጎዳ” አሉኝ።

የሞተ ልጃቸው እንዳይጎዳ። እኔ ወጣቷ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳለከልክ፣ እሳቸው ቆመው ይጠብቁኛል። እንዲህ እያልን ቤተ ክርስቲያኑ ደረስን።

ከቀብሩ በኋላ ልጣጩን በማር ለውሼ ሳቀርብላቸው እጄን መለሱት።

“ይብቃኝ ልጄ። ከእንግዲህ ለማን ብዬ እቆማለሁ?”

ለእኔ ልላቸው ፈልጌ ነበር። ልጣጩን መልሼ ወሰድኩት። ብዙም ሳይቆዩ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ጣሊያን ሳይወጣ ሞቱ።

ኋላ ሌላ ባል አግብቼ ወለድኩ፣ የልጅ ልጅም አየሁ። ሰው በጤና ቢያረጅ ማን ይጠላል? ግን ዳገት ባየሁ ቁጥር የአያ ተገኘ ቀጥ ያለ ጀርባ ፊቴ ላይ ይመጣብኛል። ምነው እንደ ሌላው ሽማግሌ ደክመው ቤት በቀሩ ኖሮ እላለሁ።