ግራኝ ተብሎ የሞተው ፒያሴና

በውቅያኖስ ጠረፍ ባለችው ወሊጋማ ከእኛ ቤት ቀጥሎ የሚኖረው ጋሼ ፒያሴና ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው ሬዲዮ ላይ በመጮህ ነው። ክሪኬት በተላለፈ ቁጥር በረንዳው ላይ ይቀመጥና ጨዋታ አስተላላፊዎቹን አንድ በአንድ ሲሰድብ ይውላል። እንደሱ አባባል፣ በጎረቤቷ ጋል ስታዲየም ኳሱ ወደ ባሕሩ ሲሄድ በሌላው ወገን ወዳለው አሮጌ ምሽግ ሄደ ይላሉ። ወንድማማች ተጫዋቾችን አንዱን በሌላው ስም ይጠራሉ። የሆነውን ሳያዩ ለምን እንደሆነ ይተነትናሉ። ሚስቱ እትዬ ሊላዋቲ "አይሰሙህም እኮ" ስትለው፣ "መስማቱ ይቅርና መች ያያሉ" ይላታል። ለማረም እየደወለ ጣቢያውን ከማሰልቸቱ የተነሳ፣ ስልክ የምታነሳው ልጅ በሳሉ ትለየዋለች። እውነቱን ለመናገር እሱም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ የሱ ስሕተት ግን ከበረንዳው አይወርድም።

ንዴቱ የቆየ ነው። በወጣትነቱ የደቡቡ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነበር፤ ቀኝ እጁ ጥይት የሚባልለት። አንድ ጊዜ የውጭ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ መጣና፣ ጋሼ ፒያሴና ከአምበላቸው ጀርባ ከተተከሉት እንጨቶች አንዱን በኳስ ነቅሎ ሰውየውን ከጨዋታ አስወጣው። በማግስቱ ጋዜጣው ያን ኳስ ለሌላ ሰው ሰጠበት። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ እሱ ቤት የሚገባው ዓሣ ተጠቅልሎበት ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጋል ከተማ ላይ ጨዋታው በዝናብ ተቋረጠ። ዝናብ ሲዘንብ አስተላላፊ ወሬ ያጥረዋል፣ ሲያጥረው ደግሞ ይፈጥራል። ሄማቻንድራ የሚባለው አንጋፋ አስተላላፊ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ የወሊጋማው ፒያሴና ዛሬ ማለዳ እንዳረፈ አሁን መስማቱን ተናገረ። ቀስ አድርጎ የሚወረውር፣ ብልህ ግራኝ ነበር፣ ደግሞም ቁጣ የማያውቅ ሰው፣ አፈሩ ይቅለለው አለ።

ጋሼ ፒያሴና ጨውና በርበሬ የተነሰነሰበት ጥሬ ማንጎ እየበላ ነበር። ቁራሹን አስቀመጠ።

"ግራኝ?" አለ።

"ሞተሃል ነው እኮ ያለው" አለችው እትዬ ሊላዋቲ።

"እሱንስ ሰማሁ። ግራኝ?"

ደወለ። ያን ቀን ሳሉ አልቀደመውምና የጣቢያዋ ልጅ ማን ልበል አለችው። ፒያሴና ነኝ አላት። የትኛው ፒያሴና ስትለው "የሞተው" አለ። ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ጂናዳሳ ከመንደሩ ወዲያ ማዶ በባጃጅ ወንበር ጭኖ ደረሰ። ነጩ የለቅሶ ባንዲራ መንገዱ ላይ መሰቀል ጀምሯል። ሟቹን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ደስ ያለው አልመሰለኝም፤ ሰው ጠርቷል፣ ሻይ አስጥዷል። ትንሽ አሰበና፣ የመጣ ሰው ቆሞ አይውልም ብሎ ወንበሩን አስወረደ።

ከለቀስተኞቹ አንዱ ከጋል በአውቶቡስ አበባ ይዞ የመጣው ዊክረማፓላ ነበር። በድሮው ቡድን ከእንጨቶቹ ኋላ ቆሞ ኳስ የሚቀልበው እሱ ነው። ያ ዝነኛ ኳስ አቅጣጫ የቀየረው ድንጋይ ነክቶ ነው በማለቱ ከጋሼ ፒያሴና ጋር ተኳርፈው፣ ጠጉራቸው እስኪሸብት አልተነጋገሩም። እንባውን እየጠረገ ቀና ሲል ሟቹ ማንጎ ይዞ ተቀምጧል።

"አልሞትክም እንዴ?"

"ቅር አለህ?"

"መኖርህን ባውቅ አልመጣም ነበር።"

"ከመጣህማ ንገረኝ። ድንጋይ ነው?"

ዊክረማፓላ አበባውን አየት አደረገና ወንበር ሳበ። "ሬሳ ፊት አይዋሽም፤ ድንጋይ ነው" አለ።

እትዬ ሊላዋቲ ሊደባደቡ ነው ብላ ተነሳች። ጋሼ ፒያሴና ግን ትን እስኪለው ሳቀ። ዊክረማፓላም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፣ ያልቅስ ይሳቅ እንጃ። ዝናቡ ሲያባራ ለቀስተኛው ሁሉ በእድሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ የዕለቱን ጨዋታ በሬዲዮ ሰምቶ ጨረሰ።

በማግስቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋል ሄደው ሄማቻንድራን ስታዲየሙ በር ላይ ጠበቁት። ጋሼ ፒያሴና የሚሰድበውን በቃሉ አጥንቶ ነበር። ሰውየው ግን ወፍራም መነጽሩን እያስተካከለ፣ አፍንጫቸውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ በተራ አያቸውና፣ "ከሁለታችሁ የሞተው የትኛው ነው?" አለ። ለካ ከሜዳው የሚታየው ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ብቻ ኖሯል፤ የቀረውን ከሕዝቡ ጩኸት ነው የሚገምተው። ጋሼ ፒያሴና ስድቡን ዋጠ። በቀኝ እጁ፣ በፍጥነት ይወረውር እንደነበር ብቻ ነገረው።

ከሰዓት በኋላ ሄማቻንድራ በሬዲዮ አረመ። ሰውየው በሕይወት አለ አለ። ቀኝ እጅ፣ ፈጣን፣ ያን አምበል ያስወጣ። ስሙን ግን ዊክረማፓላ ብሎ ጠራው።

ዊክረማፓላ እስካሁን አላስተባበለም። ዓሣ ገበያ ውስጥ ሰዎች እጁን ይጨብጡታል፣ እሱም አንገቱን ደፋ አድርጎ ያመሰግናል። ጨዋታ ባለ ቁጥር ግን ከጋል ይመጣና እዚያው በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ጋሼ ፒያሴና እሱንና ሬዲዮውን በየተራ ሲሰድብ፣ እትዬ ሊላዋቲ ጃንጥላዋን ይዛ እህቷ ቤት ትሄዳለች።